የቡልቡላው የጓሮ ባቡር

ባለፈው ሰሞን ስልኬ ተበላሽቶብኝ፣ ጎሮ ከምኖርበት ኮንዶሚኒየም ሥር ካለች ጠባብ የጥገና ሱቅ ገብቼ ተራዬን ስጠብቅ፣ ጠጋኙ የጋለውን መበየጃ እርሳሱ ላይ ነካ ሲያደርገው ቀጭን ጭስ ተነሣና ሰነፈጠኝ። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ አፍንጫዋን ያዘች። እኔ ግን ሳላስበው ወደ ጭሱ ጠጋ አልኩ። የአባዬ እጅ እንዲህ ነበር የሚሸተው። የሞተ አባቷን እጅ ድንገት ያሸተተች ልጅ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ስልኬን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

ልጅ ሆነን የምንኖረው ቦሌ ቡልቡላ ነበር። ዛሬ ሰፈሩን የሚያይ ሰው አያምነኝም እንጂ፣ ያኔ ከአጥራችን ጀርባ የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበር፤ አውሮፕላኖቹ ጎማቸውን ዘርግተው ከጣራችን በላይ ሲያልፉ የገበሬው በሬዎች ቀና ብለው እንኳ አያዩዋቸውም ነበር። ቤታችን ባለ ሦስት ክፍል የጭቃ ቤት ሲሆን ጓሮው ግን ሰፊ ነበር። አራት ነበርን፤ አባዬ፣ እዚያው ሰፈር አንደኛ ደረጃ ታስተምር የነበረችው እማዬ፣ በሦስት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ዮናስና እኔ። አባዬና እማዬ ከከተማው መሃል ያን ያህል ርቀው ለምን እንደ ሰፈሩ፣ ዘመድም ጓደኛም ለምን እንደማይመጣብን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ልጅ ቤቱ ያለበትን ቦታ የሰው ምርጫ ነው ብሎ አያስብም፤ ተራራ ያለበት ቦታ እንደሆነ ሁሉ፣ ቤቱም እዚያው የተፈጠረ ይመስለዋል።

አባዬ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ሾፌር አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ሾፌር ስለሚመስለው ግን ይህን ሲያስረዳ አይታክተውም ነበር። ሥራው ፉርጎ ማደራጀት ነው። የዕቃ ባቡር ከድሬዳዋ ሲገባ የጨዉ ፉርጎ ከነዳጁ፣ ነዳጁ ከሲሚንቶው ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል፤ አባዬ ከሀዲዱ ዳር ቆሞ፣ በፊሽካና በእጁ ምልክት እየሰጠ፣ ፉርጎዎቹን የሚስበውን ጎታች ወደ ኋላና ወደ ፊት እያስኬደ እያንዳንዱን ፉርጎ ወደሚራገፍበት ሀዲድ ያስገባዋል። እኔ ነፍስ ሳውቅ ግን ባቡሩ ደክሞ ነበር። በየቀኑ ይመጣ የነበረው በሳምንት፣ ከዚያም በወር ሆነ፤ በመጨረሻ ከነአካቴው ቆመና አባዬ ከነፊሽካው ቤት ገባ። ለጥቂት ወራት ጠዋት ጠዋት ተነሥቶ፣ ጫማውን ጠርጎ፣ የሥራ ኮቱን ለብሶ በረንዳ ላይ ይቀመጥ ነበር። እማዬ እያየችው ታልፋለች።

ክረምቱ አልፎ መሬቱ ጠጠር ሲል፣ ጥቅምት ላይ፣ ኮቱን አወለቀና ጓሮውን መቆፈር ጀመረ። ጎመን ሊተክል መስሎን ነበር። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ጠፍጣፋ ብረቶች ተሸክሞ መጣ፤ ከዚያ የባሕር ዛፍ ፍልጥ በስንዝር በስንዝሩ እየቆረጠ ደረደረ፤ ብረቱን በፍልጡ ላይ በምስማር መታው። መንኮራኩሮቹን ሳሪስ አንድ ወዳጁ ቶርኖ ቤት አስቀረጸ። የዘይት ቆርቆሮና የዱቄት ወተት ጣሳ እየቀደደ፣ እየበየደ፣ ፉርጎ አደረጋቸው፤ ጎታቹን ከአንድ አሮጌ መኪና የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ሠራና በመኪና ባትሪ አንቀሳቀሰው። ረጅሙ ሀዲድ ከኩሽናው ግድግዳ ተነሥቶ እስከ ኮኩ ዛፍ ይደርስና፣ እዚያ እንደ እጅ ጣት ለአራት ይከፈል ነበር። አንዱ ገቢ ዕቃ የሚቆምበት፣ ሌሎቹ የጨው መጋዘን፣ የነዳጅ ዴፖና የሲሚንቶ መጋዘን ነበሩ። በየመገንጠያው ሀዲዱን የምናዞርበት የሽቦ እጀታ ነበር። የገና በዓል ሳይደርስ ጨርሶ፣ ጨዉን ነጭ፣ ነዳጁን ጥቁር፣ ሲሚንቶውን ግራጫ ቀብቶ ሲጠራን፣ ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም ነበር። ሥራ ያለው ሰው ፊት ነበር።

ሌላ ልጅ የአሻንጉሊት ባቡር ሲያገኝ ዙሪያውን ያስኬዳል። የእኛ ዙሪያ አልነበረውም። አባዬ «የሚዞር ባቡር የትም አይደርስም» ይል ነበር። የእኛ ጨዋታ ሥራ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቁርስ በኋላ ፉርጎዎቹን እንደ ፈለገ ደባልቆ ያቆምና፣ እያንዳንዱ የት መድረስ እንዳለበት ይነግረናል፤ እኛ በየተራ ጎታቹን እየነዳን፣ በቀጭን ሽቦ ማያያዣውን እየፈታን ማድረስ ነበረብን። ማድረስ ብቻ አይደለም። ጎታቹ ወደ ፊትም ወደ ኋላም በተንቀሳቀሰ ቁጥር አባዬ አንድ ምልልስ ብሎ ይቆጥር ነበር፤ ባነሰ ምልልስ የጨረሰ ያሸንፋል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ትእዛዝ ቀላሉ ነበር። ሦስቱ ፉርጎዎች ገቢው ሀዲድ ላይ ተያይዘው ቆመዋል፤ ጨዉ ከፊት፣ ነዳጁ መሃል፣ ሲሚንቶው ከጥጉ። ዮናስ ቀድሞ ገባ። ጨዉን ብቻ ፈትቶ አወጣና አደረሰ፣ ተመለሰ፣ ነዳጁን አወጣና አደረሰ፣ እንደገና ተመለሰ። እኔ ግን ቁጭ ብዬ ሳይ ቆይቼ ተራዬ ሲደርስ ሦስቱንም እንደተያያዙ ጎትቼ አወጣሁ፤ ከጫፍ ያለውን ሲሚንቶ ገፍቼ ከመጋዘኑ አስቀረሁ፣ ወጣሁ፣ ነዳጁን አስቀረሁ፣ ወጣሁ፣ ጨዉን አስገባሁ።

«ዮናስ አሥራ አንድ፣ ሰላም ሰባት!» አለ አባዬ፤ እኔን በብብቴ ይዞ አነሣኝና፣ ወደ ዮናስ ዞሮ ግን ድምፁ ተለወጠ። «አንድ አንዱን የምትለቅመው ዕንቁላል ነው? አራት ትርፍ ምልልስ! ፉርጎ መሃል ሰው አለ እኮ! እያንዳንዱን ስታስኬድ መሃሉ ገብቶ የሚያያይዝ ሰው አለ!»

ዮናስ መሬት መሬት አየ። «ቆርቆሮ እኮ ነው አባዬ» አለ ቀስ ብሎ።

የአባዬ ፊት እንደ አመድ ሆነ።

በጋውን ሙሉ እንዲህ ነበርን። ትእዛዙ እየከበደ፣ ፉርጎዎቹ ስምንት እየደረሱ፣ እኔ እያሸነፍኩ፣ ዮናስ እየተሰደበ ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። ዮናስ ሰነፍ አልነበረም። መንኮራኩር ሲወልቅ፣ ሽቦ ሲላቀቅ፣ አባዬ ራሱ ያቃተውን የሚጠግነው እሱ ነበር። ግን አባዬ ከራሱ በላይ ቆሞ መቁጠር ሲጀምር እጁ ይንቀጠቀጣል፣ የሚያውቀው ይጠፋበታል፣ ቅርቡን ያነሣል። እኔ ይህን አውቅ ነበር። አውቄም «ፍጠን እንጂ!» እለው ነበር፤ ሲሳሳት ከአባዬ ቀድሜ ቁጥሩን ጮክ ብዬ እናገራለሁ።

አንድ ነገር ግን ያንገበግበኝ ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ አባዬ እኔን «ጎበዝ» ብሎ ያልፍና፣ ጎታቹን አንሥቶ፣ በዘይት በራሰ ጨርቅ ጠርጎ፣ ለዮናስ ይሰጠው ነበር። የሚያድረው ዮናስ አልጋ ሥር ነው። እኔ እንድነካው የሚፈቀድልኝ ቅዳሜ ብቻ ነው። እንዲያ ሲሰድበው ውሎ ማምሻውን በረንዳ ላይ አጠገቡ ያስቀምጠዋል፤ ምሳ ላይ የተረፈውን ሥጋ ለእሱ ያወጣለታል፤ ራሱን ዳበስ ዳበስ ያደርገዋል። አንድ ቀን እማዬን «እኔ ነኝ የማሸንፈው፣ ለምንድነው ለእሱ የሚሰጠው?» ብላት፣ የምታርመውን የተማሪ ደብተር ሳትለቅ «አርፈሽ ተቀመጪ» አለችኝ። እማዬ እንዲያ በቁጣ የምትመልስልኝ ጥያቄ ሌላ አልነበረም።

ዮናስ ራሱ ቂም የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። መጋቢት ላይ፣ የበልጉ ካፊያ በጀመረ ሰሞን፣ ከአጥሩ ስዘል አንድ የተነቀለ ሀዲድ ላይ ወድቄ እግሬን ክፉኛ ቆረጠኝ። ቤት ውስጥ ከእሱ በቀር ሰው አልነበረም። ሸሚዙን ቀዶ አሰረልኝና አዝሎኝ በጭቃው ውስጥ እስከ ክሊኒኩ ሮጠ፤ ሩቅ ነበር፣ መኪና አልነበረም። እያለከለከ «አይዞሽ ሰሊ፣ ደረስን» ይለኛል፤ ዛፍ ባለፍን ቁጥር ደረስን ይላል። ሲሰፉልኝ ያለቀስኩት እኔ ሳልሆን እሱ ነበር።

ሰኔ ሲገባ ፉርጎዎቹን ሁሉ ጠርገን በካርቶን ውስጥ አስቀመጥንና፣ ሀዲዱን በላስቲክ ሸፍነን በድንጋይ አስያዝነው። ያን ክረምት ዝናቡ አያባራም ነበር። ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ በሩ ተንኳኩቶ አንድ ሰውዬ ጃንጥላ ይዘው ገቡ። ጋሽ ተካ ይባላሉ፤ ከአባዬ ጋር ለብዙ ዓመት ፉርጎ ሲያያይዙ የኖሩ ሰው ናቸው። ቤታችንን ጠይቀው ጠይቀው ነበር ያገኙት። አባዬ ሲያቅፋቸው ደስም ያለው፣ የደነገጠም ይመስል ነበር። በረንዳው ላይ ተቀመጡ። እኔ ከመስኮቱ ሥር፣ ከውስጥ በኩል፣ ከካርቶኑ አጠገብ ተቀምጬ የዛገ ማያያዣ እየፈተግሁ ነበር። ዮናስ ሰላም ሊላቸው ወጣና፣ ዳቦ እንዲገዛ ተልኮ ሄደ።

«የመኮንን ልጅ ነው አይደል?» አሉ ጋሽ ተካ፣ እሱ ከበር ሲወጣ። «ትከሻው! አረማመዱ! እንደው መኮንን ራሱ ተነሥቶ የመጣ መሰለኝ።»

«ቀስ በል» አለ አባዬ። «ልጆቹ አያውቁም።»

«እስካሁን አልነገራችሁትም? አሥራ ስድስት ዓመቱ አይደለም እንዴ?»

«ምን ብዬ ልንገረው?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታ ስለነበር ጆሮዬን ከመስኮቱ ጋር አጣበቅሁ።

«አባትህ መሃል እያለ ኋላ በል ብዬ ምልክት የሰጠሁት እኔ ነኝ ልበለው?» አለ አባዬ። «አንድ ፉርጎ ተራውን ስቶ ገብቶብኝ ነበር። የዚያን ዕለት ሳላስብ ስላሰለፍኳቸው ነው። እሱን ላስተካክል ብዬ አንድ ምልልስ ጨመርኩ። አንድ። መኮንን ወጥቷል ብዬ ነበር። አልወጣም ነበር።»

ጋሽ ተካ «ያኔም ማንም አንተን አልወቀሰህም» አሉ። «ልጁንም እናቱ ከሞተች በኋላ እዚህ ከተማ ማንም የሌለውን፣ የሁለት ዓመቱን፣ ወስደህ አሳደግህ። ስምህን ሰጠኸው። ከዚህ በላይ ምን ታደርጋለህ?»

አባዬ የመለሰውን አልሰማሁም። ዮናስ ዳቦውን በጃኬቱ ሸፍኖ፣ ርሶ፣ እየሳቀ ገባና «ሰሊ፣ ትኩሱን ላንቺ» ብሎ ወረወረልኝ።

ምሥጢር ልጅን ያሳዝነዋል ይባላል። እኔን አላሳዘነኝም። እውነቱን መናገር ካለብኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር ደስታ ነበር። ጎታቹ ለምን ለእሱ እንደሚሰጥ ገባኝ፤ ሥጋው፣ ዳበሳው፣ የእማዬ ቁጣ፣ ሁሉም ገባኝ። እኔ ልጁ ነኝ፣ እሱ ግን አይደለም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሦስት ሳምንት ያን ይዤ ኖርኩ። ከዮናስ ጋር አንድ ሳህን ላይ እየበላሁ፣ ቀና ብዬ አየውና፣ የማውቀውን ነገር በምላሴ ሥር እንደ ከረሜላ አገላብጠው ነበር።

ጳጉሜ ላይ ፀሐይ ወጣ። ላስቲኩን አንሥተን፣ ዝገቱን ፈግፍገን፣ አዲሱ ዓመት ሳይገባ አንድ ጊዜ እንጫወት ተባለ። እኔ በአሥራ ሁለት ምልልስ ጨረስኩ። ዮናስ ሃያን አለፈ። አባዬ እንደ ልማዱ ጮኸበት፣ «ሰው ትፈጃለህ!» አለው፤ ከዚያ እንደ ልማዱ ጎታቹን አነሣ፣ ጠረገው፣ ለእሱ ዘረጋለት።

«ለእኔ ስጠኝ» አልኩ።

«የእሱ ነው።»

«ያሸነፍኩት እኔ ነኝ!»

«ሰላም፣ የእሱ ነው አልኩሽ።»

«የምትሰጠው ስለምታዝንለት ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «አባቱን ስለገደልክበት ነው! የኔ ወንድም እንኳ አይደለም! መኮንን የሚባል ሰው ልጅ ነው!»

ዮናስ መጀመሪያ ሳቀ። የሰማው ቀልድ ያልገባው ሰው አሳሳቅ ነበር። «ምን ትላለች?» አለና ወደ አባዬ ዞረ። አባዬ ቢመታኝ፣ ውሸት ነው ቢል፣ ቢስቅም እንኳ፣ ምናልባት ነገሩ ያልፍ ነበር። እሱ ግን ጎታቹን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ ጥፋተኛ፣ አንገቱን ደፋ። እማዬ ከኩሽናው በር ላይ ቆማ «ወይኔ!» አለች። ዮናስ ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት። ዛሬም የማየው እሱን ነው።

እማዬ ለእሱ ሁሉንም ነገረችው። ክፍል ውስጥ ዘግታ፣ ሁለቱ ብቻ፣ እኔ ከበሩ ውጭ ተቀምጬ ሳለሁ። ስትወጣ ትደበድበኛለች ብዬ ስጠብቅ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች። «አንቺ አንድ ቀን ነው ያጠፋሽው» አለችኝ። «እኛ አሥራ አራት ዓመት ዝም ብለን ነው ያጠፋነው።» ልታጽናናኝ ነበር ያለችው። አላጽናናኝም።

እንቁጣጣሽ አበባው ሳይመጣ፣ ማንም ዘፈን ሳይከፍት አለፈ። ዮናስ ይበላል፣ ይናገራል፣ ውሃ ይቀዳል፤ ለእኔም ይመልስልኛል። ሳምንት ያህል ቆይቶ አንድ ጠዋት አባዬን «ና እስቲ ጓሮ» አለው። እኔ ከኮኩ ዛፍ ሥር ነበርኩ። ዮናስ ሦስት ፉርጎ ብቻ አውጥቶ ገቢው ሀዲድ ላይ አቆመ። ጨዉ ከፊት፣ ነዳጁ መሃል፣ ሲሚንቶው ከጥጉ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ትእዛዝ ነበር፤ ሦስታችንም ዓይናችንን ጨፍነን የምንሠራው።

«ቁጠርልኝ» አለው።

ጨዉን ብቻ ፈትቶ አወጣ። እጁ አይንቀጠቀጥም ነበር። አደረሰ፣ ተመለሰ። ነዳጁን አወጣ፣ አደረሰ፣ ተመለሰ። እያወቀ ነበር የሚሳሳተው። በየመሃሉ ቀና እያለ አባዬን ያየዋል። እኔ በሆዴ እየቆጠርኩ፣ አባዬ እንዲጮኽ፣ «ዕንቁላል ነው የምትለቅመው?» እንዲል፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተመኝቼ አላውቅም። ዮናስ ሲሚንቶውን አስገብቶ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ጥሩ ነው ልጄ» አለ አባዬ።

«ስንት ሆነ?»

«ጥሩ ነው፣ ጥሩ ሠርተሃል።»

«ስንት ሆነ አባዬ? ቁጠርልኝ እኮ አልኩህ!»

አባዬ አፉን ከፈተ፣ ግን ቁጥሩ አልወጣውም። ዓይኑ እንባ ሞላ። ዮናስ የማያያዣውን ሽቦ ሀዲዱ ላይ አስቀምጦ ወደ ቤት ገባ። በዚያው ሳምንት እማዬን፣ ደሴ እንዳሉ ለነገረችው አጎቱ፣ ለመኮንን ታናሽ ወንድም፣ ደብዳቤ እንድትጽፍለት ጠየቃት። መልሱ ቶሎ መጣ። አጎትየው ሲፈልጉት ኖረዋል።

መስከረም ሳያልቅ ላምበረት መናኸሪያ ወስደን ሸኘነው። አባዬ አልመጣም፤ ከበር ላይ ኮቱን ለብሶ ቆሞ ነበር፤ ዮናስ ጉልበቱን ስሞ ወጣ። መናኸሪያው በተሳፋሪና በጫኝ ተጨናንቆ፣ የእማዬን ነጠላ አጥብቄ ይዤ፣ ይቅርታ ልለው አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ይቅርታ ካልኩት የሚሄደው በእኔ ምክንያት መሆኑን ማመኔ መሰለኝና ዝም አልኩ። እሱ ግን ሊሳፈር ሲል ጎንበስ ብሎ «እግርሽን ብርድ እንዳይመታሽ፣ ስፌቱ ያምሻል» አለኝ። አውቶቡሱ ወጥቶ እማዬ እጄን ስትይዘኝ፣ እጇ ከእጄ ላይ እንደ እንጨት ነበር።

በጥቅምት አባዬ ጎታቹን ከዮናስ አልጋ ሥር አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። «አሁን ያንቺ ነው» አለኝ። አንድ ቅዳሜ ወጣን። ስድስት ፉርጎ አቁሞልኝ፣ እኔ እንደ በፊቱ ጎንበስ ብዬ ሥራዬን ጀመርኩ፤ ስጨርስ ቀና ብል አባዬ ወደ በሩ እያየ ነበር። ስንት እንደ ሆነ አላወቀም። እኔም አልነገርኩትም። ከዚያ ወዲያ አልወጣንም። የሚቀጥለው ክረምት ሲመጣ ላስቲኩን ያለበሰ ማንም አልነበረም፤ ሀዲዱ ዛገ፣ ፍልጡን ምስጥ በላው፣ ሣሩ ሸፈነው። በኋላ ማሳው ሁሉ ፎቅ ሲሆን፣ ጓሮው ላይ የሚከራዩ ሰርቪስ ቤቶች ሠራንበት። ሠራተኞቹ መሠረቱን ሲቆፍሩ ያወጡትን ብረት በሙሉ ከፍርስራሽ ጋር ጭነው ወሰዱት፤ አባዬ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሲጭኑ አየ፤ ተዉ አላላቸውም።

ዮናስ ከሁለት ዓመት በኋላ ለገና መጥቶ ነበር። ድምፁ ጎርንኖ፣ ጢም አብቅሎ፣ የደሴ ማር ይዞ መጣ። በመታወቂያው ላይ ስሙ ዮናስ መኮንን ሆኗል። አባዬ ብድግ ብሎ ተቀበለው፤ እሱም በስሙ «እንደምን አሉ ጋሽ ግርማ» አለው። አባዬ ቅር እንዳለው አላሳየም። ወንበሩን ለቀቀለት፣ እንደ ክቡር እንግዳ ብላ ብላ አለው፣ ያለውን ሁሉ «ልክ ነህ፣ ልክ ነህ» እያለ ተቀበለው። ዮናስ ሦስት ቀን ሊቆይ የመጣው በማግስቱ ሄደ። አባዬን ከዚያ በኋላ በሕይወት አላየውም።

አባዬ የሞተ ዕለት ደወልኩለት፤ ሌሊቱን ሙሉ ተጉዞ ለቀብሩ ደረሰ። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። ከቀብር መልስ ግን ድንኳኑ ውስጥ ከእኔና ከእማዬ አጠገብ ሳይሆን፣ ከበሩ ዘንድ፣ ከእድርተኞቹ ጋር ተቀመጠ። አንዱ ሽማግሌ «ሟቹ ምንህ ናቸው ልጄ?» ሲሉት «አሳድገውኛል» ሲል ሰማሁት። ሊሄድ ሲነሣ ተከትዬው ወጣሁና፣ ላምበረት ላይ ያልወጣኝን ያኔ አወጣሁት።

«ዮኒ፣ ይቅር በለኝ።»

«ምን አድርገሽ?» አለኝ። በቁጣ አልነበረም። «እውነት ነው የነገርሽኝ። ሌሎቹ ያልነገሩኝን ነው የነገርሽኝ።» ኮቱን እየቆለፈ፣ «ለእኔ ብለሽ ግን አልነበረም» አለ።

ሲርቅ ቆሜ አየሁት።

አሁን እሱ ደሴ የራሱ የእንጨት ሥራ ቤት አለው፣ ሁለት ሴት ልጆች ወልዷል፤ እኔ ጎሮ አራተኛ ፎቅ ላይ ከባሌና ከልጄ ጋር እኖራለሁ፤ እማዬም ከእኔ ጋር ናት። በየበዓሉ ይደውላል። እንኳን አደረሳችሁ ይላል፣ እንኳን አብሮ አደረሰን እላለሁ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት እናወራለን፤ ለእማዬ ስልኩን አቀብላታለሁ፤ ሲጨርሱ አመስግኖ ይዘጋል። የሚያውቀን ሰው ሁሉ ዮናስ እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው ይለኛል። እውነት ነው፣ ጨዋ ነው። ልጆች ሳለን እኔና እሱ በቀን አሥር ጊዜ እንጣላ ነበር፤ ፀጉር እንጓተታለን፣ እንነካከሳለን፣ ሁለተኛ አላናግርህም እንባባላለን፣ እራት ሲቀርብ ግን አንድ ሳህን ላይ ነን። አሁን ይኸው ስንት ዓመታችን፣ አንድም ቀን ተጣልተን አናውቅም።